የጋርባን ገንዳ ያጠሩ ሦስት ሰዎች

በአንድ ወቅት፣ በጋው ረዝሞ ወንዙ እንደ ክር በቀጠነበት ዓመት፣ ጋርባ በሚባል ሸለቆ ድንጋይ ፈጭተው ወርቅ የሚያወጡ አርባ አባወራዎች ነበሩ። ማኅበር አቋቁመው፣ አንድ ትልቅ ወፍጮ ተክለው በእሱ ይተዳደራሉ። ሊቀመንበራቸው ወይዘሮ ዘርትሁን ነበሩ። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ማኅበሩን አሥራ አንድ ዓመት መርተዋል። በየምርጫው «ዘንድሮስ ልረፍ» ይላሉ፤ በየምርጫው እጅ ይወጣና መልሰው ይመረጣሉ። እግራቸው ያብጣል። የወፍጮው ድምፅ እንቅልፍ ስለነሳቸው በጠራራ ፀሐይ ወንበር ላይ ያንጎላጃሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። ድንጋዩ ይፈጫል፤ የተፈጨው በውኃ ይታጠባል፤ ወርቁ ከባድ ስለሆነ ቀድሞ ተለይቶ ይቀራል። የተረፈው ጭቃ ወደ አንድ ትልቅ ክብ ገንዳ ይወርዳል። እዚያ ጭቃው ይዘቅጣል፣ ውኃው ከላይ ይጠልላል። የጠለለው ውኃ ተመልሶ ለወፍጮው ይሆናል፤ ዝቃጩ ደግሞ በቦይ ወርዶ በአፈር ግድብ ውስጥ ይጠራቀማል። ከግድቡ በታች ጨፌ የምትባል ስልሳ ቤት ያላት መንደር አለች። የጨፌ ሰዎች የሚጠጡት ከግድቡ እግር ሥር ከምትፈልቅ ከአንዲት ምንጭ ነው።

ገንዳውና ግድቡ ከተሠሩ ወዲህ ስምንት ዓመት በደህና ሄደ። ያን ዓመት ግን የድሮው ጉድጓድ አለቀና አዲስ ተከፈተ። አዲሱ ድንጋይ ወርቅ አለው፤ ነገር ግን ነጭ ሸክላ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ሲፈጭ ከዱቄት ይልማል፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ እንደ ወተት ተበጥብጦ ይቀራል። አንድ ሰዓት ቢጠብቁት አይወርድም፤ አንድ ቀን ቢጠብቁት አይወርድም፤ ሳምንት ቢጠብቁት ያው ነው። ገንዳው ነጭ ሆኖ ሞላ፤ የገንዳው ነጭ ውኃ ወደ ግድቡ ወረደ፤ ግድቡም ቀን በቀን እየሞላ ሄደ። ጭቃው ቢዘቅጥ ኖሮ ውኃው ከላይ ተቀድቶ ወደ ወንዙ ይለቀቅና ግድቡ ይጎድል ነበር። አልዘቀጠም።

አንድ ቀን ጠዋት የጨፌ ሽማግሌ ኦቦ ገመቹ ከሁለት ሰዎች ጋር ወደ ማኅበሩ ቢሮ መጡ።

«ዘርትሁን፣ ግድባችሁን አየነው» አሉ ኦቦ ገመቹ። «ከአፉ አንድ ክንድ ቀርቶታል።»

«ወፍጮውን አቁመነዋል። ይኸው አራት ቀኑ።»

«ማቆማችሁ ለእኛ ምን ይረባናል? ውስጥ ያለው ውኃ ይቀንሳል?»

ወይዘሮ ዘርትሁን ወደ ግድቡ ዞር ብለው አዩ።

«ዝናቡ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል» አሉ ሽማግሌው። «ዝናብ ከመጣበት ግድቡ ይሄዳል። መጀመሪያ ምንጫችን ላይ፣ ቀጥሎ ልጆቻችን ላይ ነው የሚወርደው። ከዚያ በፊት ካላጎደላችሁት ወጣቶቹ መጥተው ወፍጮውን ይነቅሉታል። እኔ ላስቆማቸው አልችልም። አላስቆማቸውምም።»

ይህን ሲሉ አልተቆጡም። ድምፃቸው ሲለምን ከርሞ የሰለቸው ሰው ድምፅ ነበር። ወይዘሮ ዘርትሁንን ያስፈራቸው እሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ወደ ገንዳው ወጡና ዳሩ ላይ ተቀመጡ። ያን ነጭ ውኃ ሲያዩት ዋሉ። «አሥራ አንድ ዓመት ለፍቼ ለፍቼ መጨረሻዬ ሰው ማስፈጀት ሊሆን ነው» አሉ ለራሳቸው። ማልቀስ አማራቸው፤ እሱም አድካሚ ሆኖባቸው ተዉት።

እንግዲህ የሦስቱ ሰዎች ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያዋ መቅደላዊት ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ኬሚስትሪ ተምራ በዲፕሎማ ተመርቃለች፤ ማኅበሩ የቀጠራት ወርቅ እንድትመዝን ነበር። ስለ ገንዳው ማንም ጠይቋት አያውቅም። እሷ ግን ዕቃ ቤት ስትበረብር፣ ከሁለት ዓመት በፊት የሄደ አንድ መሐንዲስ ትቶት የሄደ ከረጢት አገኘች። ውስጡ ነጭ ዱቄት ነበር። በላዩ የተጻፈውን አነበበችና ወደ ወይዘሮ ዘርትሁን ሮጠች።

«እትዬ፣ ይሄ ዱቄት የሚያዘቅጥ ነው!»

«ምን የሚያደርግ?»

«የሸክላው ብናኞች እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ለዚያ ነው ተንሳፈው የሚቀሩት። እያንዳንዱ ለብቻው በጣም ትንሽ ስለሆነ አይወርድም። ይሄ ዱቄት ሲሟሟ እንደ ረጅም ክር ይሆናል። ክሩ አንዱን ብናኝ ከሌላው ያያይዘዋል፤ ሲያያዙ ይከብዳሉ፤ ሲከብዱ ይወርዳሉ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ጨምሪዋ!»

«ልኩን መሞከር አለብኝ። አምስት ቀን ስጡኝ።»

«አምስት ቀን የለኝም፣ ልጄ። ዛሬ ጨምሪ።»

መቅደላዊት እምቢ ማለት ሲገባት ፈራችና በግምት ጨመረች። በዛ። ገንዳው ጠላ ሲጠበቅ አጥሚት ሆነ፤ ቱቦው ተደፈነ፤ ውኃው ከበፊቱ ይልቅ አስቸገረ። የከረጢቱ ግማሽ በአንድ ቀን አለቀ። ሰው ሁሉ እሷን አየ። እሷም «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች እንጂ «ታዝዤ ነው» አላለችም። ወይዘሮ ዘርትሁንም በዚያ ሰዓት አፋቸውን አልከፈቱም። ይህ ነገር ቆይቶ ሲቆጠቁጣቸው ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ መቅደላዊት ማንንም አልሰማችም። ስምንት ረጃጅም ብርጭቆዎች መስኮቱ ላይ ደረደረች። ከግድቡ ውኃ ሞላቻቸው፤ በአንዱ አንድ ጠብታ፣ በአንዱ ሁለት፣ በአንዱ አራት እያደረገች ጊዜውን በሰዓት ያዘች። ነጩ ከላይ ወደ ታች ሲሸሽ፣ የጠራው ከነጩ የሚለይበትን መስመር በማስመሪያ ትለካለች፤ ትጽፋለች፤ ትደፋለች፤ ደግማ ትሞላለች። ፀሐዩ በብርጭቆው ውስጥ እያለፈ ዓይኗን ያቃጥላት ነበር። በዚያ ሳምንት ከተማ ወርዳ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ልትፈተን ነበር፤ ሁለት ዓመት ያጠናችለት ፈተና ነው። አውቶቡሱ ሲመጣ መስኮቱ ላይ ሆና አየችው፤ ሲሄድም አየችው። በአምስተኛው ቀን ዓይኖቿ በርበሬ መስለው መጣችና «ልኩን አግኝቼዋለሁ። ለአንድ በርሜል ድፍርስ አንድ የሻይ ማንኪያ ብጥብጥ። ከዚያ ካነሰ አይዘቅጥም፤ ከበዛም ይበላሻል» አለች። የቀረው ዱቄት ለጠቅላላው ግድብ ልክክ ብሎ የሚበቃ ነበር። ሁለተኛ ለመሳሳት ግን አይበቃም።

ሁለተኛዋ ደሚቱ ናት። ደሚቱ የጨፌ ሰው ናት፤ ባል የላትም፤ ሦስት አህዮች ነበሯት። የመንደሩ ሰዎች ምንጩን እንድትጠብቅና ውኃውን በተራ እንድታድል መርጠዋታል። በዚያ በጋ ምንጯ የምትሰጠው ለየቤቱ በቀን ሁለት ጀሪካን ብቻ ነበር።

አሁን ዱቄቱን በገንዳው ውኃ ሲበጠብጡት እምቢ አለ። በድፍርስ ውኃ እየተድቦለበለ እንደ እንቁራሪት እንቁላል ተንጠልጥሎ ይቀራል። መቅደላዊት «የብርጭቆውን የበጠበጥኩት በመጠጥ ውኃ ነው። ንጹሕ ውኃ ያስፈልገዋል፤ ቀስ ተብሎ ተበትኖ፣ ግማሽ ቀን አርፎ ነው የሚሟሟው» አለች። ንጹሕ ውኃ ያለው ጨፌ ብቻ ነው። ወይዘሮ ዘርትሁን እያነከሱ ቁልቁለቱን ወረዱ።

«ስንት ነው የምትፈልጉት?» አለች ደሚቱ።

«በቀን ስልሳ ጀሪካን። ለአሥር ቀን።»

ደሚቱ ስቃ «የምንጩ ግማሽ እኮ ነው» አለች። «የጠላችሁን ሆናችሁ ነው ከምንጠጣው ውኃ ላይ የምትለምኑኝ?»

«የጠላናችሁ አይደለንም።»

«እሱን ተዉት፣ እትዬ። ደክሞኛል፤ እርስዎም ደክሞዎታል።» ጥቂት አሰበች። «ሽማግሌዎቹን ብጠይቃቸው ሦስት ቀን ይሰበሰቡና እምቢ ይላሉ። ከነገ ጀምሮ አመጣዋለሁ።»

ማንንም ሳታማክር የየቤቱን ድርሻ ከሁለት ጀሪካን ወደ አንድ አወረደችው። የራሷን ድርሻ ሙሉ በሙሉ ተወች፤ ከጎረቤት ጥዋ ጥዋ እየለመነች ጠጣች። ሴቶቹ ሰደቧት፤ አንዷ ጀሪካኗን ወርውራ ግንባሯን ፈነከተቻት። የወረወረችው ልጅ የታመመባት እናት ነበረች። ደሚቱ ግንባሯን በነጠላዋ አስራ አህዮቿን ጫነች። ቀን በቀን ያንን ዳገት አምስቴ ትወጣለች። በስምንተኛው ቀን ትልቋ አህያ ዳገቱ ወገብ ላይ ተንበረከከች፤ አልተነሳችም። ደሚቱ ጭነቱን ፈታ አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ በጀርባዋ አወጣቻቸው። አህያዋን የቀበሯት የማኅበሩ ሰዎች ናቸው፤ እሷ ጊዜ አልነበራትም።

ሦስተኛው ጓንጉል ነው። ጓንጉል የማኅበሩ መካኒክ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ንግግር አይወድም። ዱቄቱ ልኩን አገኘ፤ ንጹሕ ውኃም መጣለት። የግድቡ ድፍርስ በፓምፕ እየተሳበ፣ ብጥብጡ ከፓምፑ በፊት እየተጨመረበት ወደ ገንዳው ተለቀቀ። አልዘቀጠም። አንድ ቀን ሙሉ ሞከሩት፤ አልዘቀጠም። መቅደላዊት «በብርጭቆ ይዘቅጣል እኮ! እኔ ሐሰት አልተናገርኩም!» ብላ አለቀሰች።

ወይዘሮ ዘርትሁን «ፍጥነቱን ጨምሩት፤ ጊዜ የለንም» ብለው አዘዙ።

ጓንጉል ግን ከፓምፑ በፊት ከቱቦው አንድ ጣሳ ቀዳ፤ ከፓምፑ በኋላም አንድ ጣሳ ቀዳ። ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። የመጀመሪያው ጣሳ ውስጥ ሸክላው እንደ ባዘቶ ጥጥ ተያይዞ እየወረደ ነበር። ሁለተኛው ወተት ነው። ሳይናገር ሄዶ ሞተሩን አጠፋው።

«ጓንጉል! ማን አጥፋ አለህ?» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን።

«የተያያዘውን እኛው ራሳችን እየደበደብን እንለያየዋለን» አለ። «አንዴ ከተበጠሰ መልሶ አይያያዝም። ይሄ ነገር መደብደብ አይወድም።»

«አብራው ብያለሁ!»

«አላበራም።»

መጋዝ አመጣና የማኅበሩን አንድ ለእናቱ ቱቦ ለሁለት ቆረጠው። ቱቦው አዲስ ነበር፤ ሌላ የለም። ቢሳሳት ኖሮ ግድቡን የሚያጎድሉበት ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ከጣውላ ቀስ ብሎ የሚያዘቀዝቅ ረጅም ቦይ ሠራ። ፓምፑ ድፍርሱን ብቻ ወደ ላይ ይስባል፤ ብጥብጡ ከፓምፑ በኋላ ቦዩ ላይ ጠብ ጠብ ይልበታል፤ ከዚያ ሁለቱ እየተንሸራተቱ ወደ ገንዳው ይገባሉ። ገንዳውን የሚያማስለው ባለ ብረት ክንድ ማማሰያ ደግሞ ሞተሩ አንድ ፍጥነት ብቻ ስላለው ይፈጥናል፤ ጓንጉል የሞተሩን ቀበቶ አውልቆ የማማሰያውን እጀታ በግንድ አስረዘመና በእጁ ያዞረው ጀመር። ሌሎች ሊያግዙት መጡ፤ ይቸኩላሉ፤ መለሳቸው። ዘጠኝ ቀን፣ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ፣ በሬ እንኳ በማይሄድበት ዝግታ ገንዳውን ዞረ። በሰባተኛው ቀን የቀኝ ትከሻው ተሰብሮ እንደ ተንጠለጠለ ዓይነት ሆነ፤ በግራው ገፋ። ያ ትከሻ እስካሁን ከደረቱ በላይ አይነሳም።

ቦዩ በተሠራ በማግስቱ፣ ከቀትር በኋላ፣ ወይዘሮ ዘርትሁን ገንዳው ዳር መጡ። ጓንጉል ይዞራል። መቅደላዊት ጠብታውን ትቆጥራለች። ደሚቱ ጀሪካን እያራገፈች ነው። ወይዘሮ ዘርትሁን ወደ ውኃው ጎንበስ ሲሉ የማማሰያውን የብረት ክንዶች ከገንዳው ወለል አጠገብ አዩዋቸው። ከአዲሱ ጉድጓድ ወዲህ አይተዋቸው አያውቁም። ዝገታቸው እንኳ ይታያል።

«ጠራ» አሉ።

ማንም እልል አላለም። ደሚቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። መቅደላዊት ዓይኖቿን በመዳፏ ሸፈነች። ጓንጉል ማዞሩን አላቆመም፤ «ገና ስምንት ቀን ይቀረናል» አለ።

በስምንት ቀን ውስጥ የጠራው ውኃ ወደ ወንዙ ተለቀቀ፤ ግድቡ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ጎደለ። ዝናቡ በአሥረኛው ቀን ገባ። ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። ግድቡ ያዘ። ምንጯ አልደፈረሰችም። የጨፌ ወጣቶች ወፍጮውን ሊነቅሉ ሳይሆን ቦዩን ሊያጠናክሩ መጡ።

ዝናቡ ጋብ ሲል የጋርባና የጨፌ ሰዎች አንድ ላይ ተሰበሰቡ። ማኅበሩ በኮረብታው ጫፍ ላይ አንዲት የድንጋይ ቤት ነበረችው፤ ለዚያ ለሄደው መሐንዲስ የተሠራች፣ ባዶዋን የቀረች። አንድ ክፍል ናት። የወፍጮው ድምፅ እዚያ አይደርስም፤ አቧራውም አይደርስም። ሰው ሁሉ የሚመኛት እሷን ነው። ጉባኤው «ውኃውን ላጠራው ሰው ለዘለቄታው ትሰጥ» ብሎ በአንድ ድምፅ ወሰነ። ቁልፉን ለወይዘሮ ዘርትሁን ሰጧቸው። «እርስዎ አይተዋል፤ እርስዎ ይፍረዱ» ተባሉ።

ሦስቱም ቀርበው ተጠየቁ። ማናቸውም «ይቅርብኝ» አላሉም፤ እንዲህ እስኪሉ ድረስ ብርታት አልተረፋቸውም።

«እኔ የምተኛው የወፍጮው ግድግዳ ሥር ነው» አለች መቅደላዊት። «በሚቀጥለው ዓመት ልፈተን ብል የት ሆኜ ላጥና? ዱቄቱን እኔ ባላገኘው፣ ልኩን ባላውቀው፣ የደሚቱ ውኃ ከምን ጋር ሊበጠበጥ ነበር? ጋሼ ጓንጉልስ ምኑን ሊያዞሩ?»

ከመሃል አንድ ሰው «ግማሹን ያበላሸሽውስ?» አላት። አንገቷን ደፋች። ወይዘሮ ዘርትሁን ያኔ ተነሡና «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አምስት ቀን ለመነችኝ፣ ከለከልኳት» አሉ።

«የኔ ቤት ግድቡ እግር ሥር ነው» አለች ደሚቱ። «ዘንድሮ ያዘ፤ ለከርሞ አላውቅም። ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም። አህያዬ ሞታለች። እነሱ የሠሩት ሥራቸውን ነው፤ የማኅበሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን የሰጠሁት ከጉሮሮዬ ነው።»

«ከኛም ጉሮሮ ነው!» አለች ጀሪካን የወረወረችባት ሴት። «ሳትጠይቂን! እኔ ልጄ ሲያቃጥለው ውኃ አልነበረኝም።» ልጁ ድኗል፤ ሴትዮዋ ግን አልረሳችውም። ደሚቱ «እውነቷን ነው» አለች።

በመጨረሻ ጓንጉል «ሠላሳ ዓመት ሞተር አጠገብ ነው የተኛሁት» አለ። «ጆሮዬ ውስጥ ሲያንቧርቅ ያድራል። በዚህ ትከሻ ከእንግዲህ የሚቀጥረኝ የለም። ዱቄቱም ነበረ፣ ውኃውም ነበረ፤ ገንዳው ግን አልጠራም ነበር።»

ኦቦ ገመቹ «ጓንጉል ቢሳሳት ኖሮ ስልሳ ቤት ነበር የሚጠፋው። ያንን ቱቦ የቆረጠው ማንን አስፈቅዶ ነው?» አሉ። ሌላ የጨፌ ሽማግሌ «አስፈቅዶ ቢሆን እስከ አሁን በተቀበርን ነበር» አሉ።

«ብትካፈሏትስ?» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን በደከመ ድምፅ። ሰዉ ሳቀ። አንድ ክፍል ቤት ለሦስት እንዴት ይሆናል? ደግሞም ውሳኔው ለአንድ ሰው ነው የሚለው።

ወይዘሮ ዘርትሁን ሦስት ቀን ጊዜ ጠየቁ። በመጀመሪያው ቀን የመቅደላዊትን የተቃጠሉ ዓይኖች እያሰቡ፣ ያኔ ዝም ብለው ያሳፈሯትን እያሰቡ፣ «የሷ ናት» አሉ። ወዲያው ደግሞ «ጸጸቴን በቤት ልከፍል ነው እንዴ?» ብለው ራሳቸውን ተጠራጠሩ። በሁለተኛው ቀን ቁልቁለቱን ወርደው ደሚቱ በሁለት አህያ ስትጭን አዩ። ግንባሯ ላይ ያለው ጠባሳ ገና ቀይ ነው። «የሷ ናት» አሉ። ያቺ ልጇ የታመመባት ሴት በዚያው ስታልፍ ሲያዩ ግን ቃላቸው አፋቸው ላይ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ወደ ገንዳው ሄዱ። ጓንጉል በግራ እጁ ብሎን ሲፈታ አገኙት። እሳቸው ፍጥነቱን ጨምሩ ያሉትን ሞተር እሱ ባያጠፋው ኖሮ ዛሬ ምን ሆነው እንደሚገኙ ያውቃሉ። «የሱ ናት» አሉ። ወዲያው ደግሞ ነገ ሌላው «አላበራም» ብሎ የተሳሳተ ቱቦ የቆረጠ እንደሆነ ምን ብለው ሊፈርዱ እንደሚችሉ አሰቡ።

ያን ከሰዓት ሕዝቡ እንደገና ተሰበሰበ። ሦስቱ ከፊት ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሌላውን አያይም። ወይዘሮ ዘርትሁን ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ያበጠው እግራቸው ይጠዘጥዛቸዋል። አንዷን ተመለከቱ፤ ሌላዋን ተመለከቱ፤ እሱን ተመለከቱ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው። ልኩን ያወቀችው፣ ከጉሮሮዋ የሰጠችው፣ አላበራም ያለው፤ ሦስቱም ደክመዋል፣ ቤቷ አንዲት ናት። እንግዲህ ተነጋገሩበት፤ በወይዘሮ ዘርትሁን ቦታ የቆማችሁት እናንተ ብትሆኑ፣ ቁልፉን ለማን ትሰጡ ነበር?